የኮራል ልጅ እርሾውን ከወዴት ያመጣል?

ተማሪዎች የፍጥረትን ክፍሎች መለየት ሲጀምሩ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ዐምድ ያሰምራል፤ በአንደኛው እንስሳት፣ በሁለተኛው ዕፅዋት፣ በሦስተኛው ማዕድናት ይጻፋሉ። በሬ በመጀመሪያው፣ ገብስ በሁለተኛው፣ ኖራ በሦስተኛው ይገባል። ከተማሪዎቹ አንዱ «ኮራልስ በየትኛው ይጻፍ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ጥቂት ማሰቡ አይቀርም። ኮራል በእውነቱ እንስሳ ነው፤ አፍ አለው፣ ሆድ አለው፣ በአፉ ዙሪያ በሚገኙት ጣት መሰል ክንዶቹም የሚያልፈውን ምግብ ይይዛል። ዳሩ ግን የሚኖርበት ቤት ራሱ የሠራው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ደግሞ እንደ ዕፅ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁ እጅግ ደቃቅ ፍጥረታት ይኖራሉ። ስለዚህ በሦስቱም ዐምዶች ቢጻፍ ስሕተት የሚሆን አይመስለኝም።

ነጋዴዎች «መርጃን» እያሉ የሚሸጡት፣ ሴቶች በአንገታቸው የሚያስሩት ቀይ ጌጥ የዚሁ የኮራል ዘመድ ነው። ነገር ግን አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ያ ቀይ መርጃን ብርሃን ባነሰበት ቦታ የሚያድግ ስለ ሆነ እነዚያ ደቃቅ ፍጥረታት በሥጋው ውስጥ የሉም። የዛሬው ነገራችን ሙቀትና ብርሃን በሞላበት፣ ጥልቀቱም ባነሰ ባሕር ውስጥ ታላላቅ ዐለቶችን ስለሚሠራው ስለ ሌላው ዐይነት ነው። ይህ ዐይነት ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ቀይ ባሕር የታወቀ አገሩ ነው። የዳህላክ ደሴቶች ከጥንት ዘመን የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ የምጽዋ ከተማ አሮጌ ቤቶችም ከዚሁ ድንጋይ የታነጹ መሆናቸውን ያያቸው ሁሉ ያውቃል።

የሞቃት አገር ባሕር ለዐይን እጅግ ያማረ ነው፤ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ታቹ ይታያል። ይህ ጥራት ግን የድህነት ምልክት ነው። ውሃው የሚጠራው ለዕፅና ለእንስሳ ምግብ የሚሆነው ነገር በውስጡ ጥቂት ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ምግብ ባነሰበት ውሃ ውስጥ፣ በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ 2300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው ታላቁ የኮራል ዐለት እንዴት ሊሠራ ቻለ? መልሱ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

በቆመ ውሃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚንሳፈፈውን ነገር ሁላችን እናውቀዋለን፤ ሊቃውንት አልጌ ይሉታል። በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖረውም አልጌ ይባላል፤ መልኩ ግን ወደ ወርቃማ ቡናማነት ያደላል። አንዲቱ አልጌ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያህል ብቻ ናት። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር የኮራል ገላ ላይ ግን አንድ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ሊገኙ ይችላሉ። በ1881 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ካርል ብራንት የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ «ዙዛንቴላ» ብሎ ሰየማቸው፤ ስሙ በግሪክ ቋንቋ እንስሳና ቢጫ ከሚሉ ቃላት የተገኘ ነው። በ1962 ዓ.ም. ሁጎ ፍሮይደንታል «ሲምባዮዲኒየም» የሚለውን የወገን ስም አወጣላቸው። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ወገን የመሰለው ብዙ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ ልዩ ልዩ ስም ተሰጥቷቸው ተከፋፈሉ።

የኮራሉና የአልጌዎቹ ውል ለሁለቱም የሚጠቅም ነው። ኮራሉ ከጠላት የሚሰውራቸውን ቤት፣ የትንፋሹን አየርና ከሰውነቱ የሚወጣውን ትራፊ ይሰጣቸዋል፤ ይህ ትራፊ ለእነርሱ እንደ ማዳበሪያ ነው። እነርሱም በፀሐይ ብርሃን ካዘጋጁት ምግብ ብዙውን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዐሥር እጅ ዘጠኙን ያህል፣ ለባለቤቱ ያስረክባሉ። ኮራል ድንጋዩን በፍጥነት ሊሠራ የሚችለው በዚህ ስንቅ ነው።

ይህ ሁሉ የተነገረው ስላደገው ኮራል ነው። ሕፃኑስ? ምግብ አቅራቢዎቹን ከማን ያገኛል?

ጥያቄው በቤታችን ባለው ነገር ሊገለጥ ይችላል። ያለ እርሾ ሊጥ አይቦካም፤ አዲስ ጎጆ የወጣች ሙሽራም እርሾን በሁለት መንገድ ታገኛለች። ወይ እናቷ ከራሷ ቡሃቃ ቀድታ ትሰጣታለች፤ ወይም ባዶ እጇን ሄዳ ከጎረቤት ትዋሳለች። በኮራሎችም ዘንድ ሁለቱም ልማድ አለ። በቀይ ባሕር በብዛት የሚገኘው ስታይሎፎራ የተባለው ኮራል ልጆቹን በሆዱ ውስጥ ካሳደገ በኋላ አልጌአቸውን ይዘው እንዲወጡ ያደርጋቸዋል፤ ልጁ ከእናቱ ቤት እርሾውን ይዞ ወጣ ማለት ነው። አብዛኞቹ ዐለት ሠሪ ኮራሎች ግን እንዲህ አያደርጉም። እንቁላላቸው ከእናቱ የስብ ስንቅ ብቻ ይዞ፣ አልጌ ሳይኖረው፣ ወደ ሰፊው ባሕር ይለቀቃል። ዘሩ የሚተርፈው ያ ልጅ ስንቁ ሳያልቅ ከማያውቀው ባሕር እርሾ ተውሶ እንደ ሆነ ነው።

የመለቀቂያው ሌሊት ራሱ የሚያስደንቅ ነው። በ1981 ዓ.ም. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በታውንስቪል ከተማ ፊት ለፊት በምትገኘው በማግኔቲክ ደሴት አጠገብ ሲመለከቱ፣ ብዙ ዐይነት ኮራሎች በአንድ ሰሞን እንቁላላቸውን ሲለቁ አገኟቸው፤ ነገሩም በ1984 ዓ.ም. ለዓለም ተገለጠ። በጥቅምት ወይም በኅዳር ወር ጨረቃ ሙሉ ከሆነች በኋላ ባሉት ጥቂት ሌሊቶች፣ ጨለማው ከገባ በኋላ፣ ከየኮራሉ አፍ ሮዝ መልክ ያላቸው ትንንሽ እንክብሎች ወጥተው ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። እንክብሉ በውሃው ላይ ሲበተን እንቁላሉ ከሌላ ኮራል ዘር ጋር ይገናኛል። ከጥቂት ቀን በኋላ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ፣ በገላው ላይ ባሉት ረቂቅ ጠጕሮች እየቀዘፈ የሚዋኝ እጭ ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ለአቅመ ኮራል የሚደርሱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ዓሣ ይበላቸዋል፣ ማዕበል ወደ ጥልቁ ይወስዳቸዋል፣ የቀሩትም ተስማሚ ማረፊያ ሳያገኙ ስንቃቸው ያልቅባቸዋል።

አልጌዎቹም በበኩላቸው በኮራል ሥጋ ውስጥ ብቻ የሚኖሩ አይደሉም። በባሕሩ ውሃና በታቹ ባለው አሸዋ ውስጥ በነጻነት የሚኖሩ አሉ፤ እነዚህ ሁለት ጅራፍ መሰል ክሮች አሏቸውና በቀን ብርሃን እየተሽከረከሩ ይዋኛሉ። ካደጉት ኮራሎችም ትርፍ አልጌ ዕለት ዕለት ወደ ውሃው ይወጣል፤ እርሾ የሚያበድረው ጎረቤት እንግዲህ ይህ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና በማዕድ ላይ የማይወራ ነገር ልጨምር፤ ኮራል የሚበሉ ዓሦች በሚጥሉት ኩስ ውስጥ በሕይወት ያሉ አልጌዎች ይገኛሉ። ግዙፉ ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ዛጎልም እንዲሁ ነው፤ የጃፓን ተመራማሪዎች ከኩሱ የወጡት አልጌዎች ወደ ኮራል እጮች ገብተው ሊኖሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል። እኛ ርኩስ የምንለው ነገር ለኮራሉ ልጅ የእርሾ ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

ነገር ግን ባሕሩ ሰፊ ነው። አንዱ ወገን ሚሊሜትር የማይሞላ፣ ሌላው ከእርሱም በብዙ እጥፍ የሚያንስ ሲሆን፣ ሁለቱ በዕድል ብቻ ይገናኛሉ ማለት የሚያጠግብ መልስ አይደለም። ሕፃኑ ዐለት ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ መሄድ አይችልም፤ እንግዲህ ወይ አልጌዋ ወደ እርሱ መምጣት አለባት፣ ወይም እርሱ የሚጠራበት ምልክት ሊኖረው ይገባል።

ከምልክቶቹ አንዱ ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን ወደ ባሕሩ ጥልቀት ሲወርድ አስቀድሞ ቀዩ ይጠፋል፤ ሰማያዊው ግን ርቆ ይሄዳል። በብዙ ኮራሎች ገላ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ሲነካው አረንጓዴ ብርሃን የሚመልስ ፕሮቲን አለ። የዚህ ፕሮቲን ዘመድ በመጀመሪያ የተገኘው በጄሊፊሽ ውስጥ ነው፤ ያገኘው ኦሳሙ ሺሞሙራ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ ሲሆን፣ ይህን በ1962 ዓ.ም. ለዓለም ገለጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ከሁለት ሌሎች ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለበት። በኮራል ዘንድ የዚህ አረንጓዴ ብርሃን ጥቅም ምን እንደ ሆነ ብዙ ሲያከራክር ኖረ። በ2005 ዓ.ም. በሃዋይ የሠሩ ተመራማሪዎች ዋናተኞቹ አልጌዎች ወደ አረንጓዴ ብርሃን እንደሚያዘነብሉ አስተዋሉ።

ከዚያ በኋላ በ2019 ዓ.ም. ዩሱኬ አይሃራና ባልደረቦቹ በጃፓን አገር ነገሩን በሚገባ ፈተኑት። አልጌዎቹን በልዩ ልዩ ብርሃን ፊት ሲያደርጓቸው፣ ከብርቱ ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን ሸሹ፤ ወደ ደካማ አረንጓዴ ብርሃን ግን ቀረቡ። በሕይወት ያለ የኮራል ስባሪ ባጠገባቸው አኑረው ሰማያዊ ብርሃን በላዩ ባበሩ ጊዜ፣ ኮራሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራና አልጌዎቹ ወደ እርሱ ተሰበሰቡ። «ምናልባት የሳባቸው ሽታው ነው» የሚል ሰው ቢኖር መልስ እንዲሆን፣ ኮራሉን ትተው እንደ እርሱ የሚያበራ ቀለም ብቻ አኖሩ፤ አልጌዎቹ ወደ ቀለሙም መጡ። በመጨረሻም ወደ ባሕሩ ወርደው አንዱን ወጥመድ በዚያ ቀለም ቀቡት፣ ሌላውን ተዉት፤ በተቀባው ወጥመድ ብዙ አልጌ ተገኘ። የጥርጣሬን በር አንድ በአንድ እየዘጋ የሚሄድ እንዲህ ያለ ፈተና ለተማሪዎች ሊነገር የሚገባው ነው። ስባሪው የተወሰደው ካደገ ኮራል ቢሆንም፣ የብዙ ኮራሎች ልጆችም ይህን አረንጓዴ ብርሃን ገና ከእጭነታቸው ጀምሮ ይይዛሉ። በመሸ ጊዜ መንገደኛ የጎጆ መብራት አይቶ እንደሚጠጋ፣ አልጌዋም ወደዚያች ደካማ ብርሃን ትጠጋለች።

ብርሃን ብቻም አይደለም። አሞንያና ይህን የመሰሉት ከእንስሳት ሰውነት የሚወጡ ነገሮች አልጌዎቹን እንደሚስቡ በቤተ ሙከራ ታይቷል፤ ለዕፅ መሰል ፍጥረት የማዳበሪያ ሽታ የምግብ ጥሪ ነውና። የባሕር ታች አሸዋና ደለል በተጨመረበት ውሃ የተቀመጡ እጮችም ደለል ከሌለበት ይልቅ ብዙ አልጌ እንዳገኙ ተመራማሪዎች መስክረዋል።

አልጌዋ ከቀረበች በኋላ የምትገባው በአፍ ነው። እዚህ ላይ ለአስተዋይ ሰው የሚከብድ ጥያቄ ይነሣል። ኮራል እንስሳ ነው፤ እንስሳ ደግሞ በአፉ የገባውን ይፈጫል። ታዲያ አልጌዋ ለምን አትፈጭም? በእርሾ የመሰልነው ምሳሌ ከዚህ አያልፍም፤ እርሾ ከእንጀራው ጋር ይበላልና፤ አልጌዋ ግን ሳትበላ መኖር አለባት።

የሆድ ዕቃውን ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት አልጌዋን እንደ ጉርሻ ይውጧታል። ዳሩ ግን አስቀድሞ የመተዋወቂያ ምልክት አለ። የአልጌዋ ገላ በስኳር ዐይነት ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ በኮራሉ በኩል ደግሞ ያን ስኳር ለይተው የሚይዙ ሌክቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። በሃዋይ ባለ አንድ የኮራል ዐይነት እጮች ላይ በተደረገ ፈተና፣ ይህ ስኳር በተሸፈነ ወይም በተገፈፈ ጊዜ ገብተው የሚቀመጡት አልጌዎች ቍጥር ቀነሰ። ደብዳቤ ያለ ማኅተም ቢመጣ ጸሐፊው ተጠራጥሮ እንደሚመልሰው ዐይነት ነው።

ይሁን እንጂ ማኅተሙ ብቻ አይበቃም። በ2021 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የኮራል ዘመድ የሆነውን የባሕር አኔሞን እጭ በማጉያ መነጽር ሲመለከቱ፣ ሕዋሱ የሚስማማውንም የማይስማማውንም አልጌ ሁሉ ሳይለይ ሲውጥ አገኙት። ከዋጠ በኋላ ግን የማይስማማውን ሳይፈጨው፣ እንዳለ፣ መልሶ ይተፋዋል። የምትስማማዋ አልጌ ልዩነቷ የሕዋሱን የመከላከል ኃይል የምታስተኛ መሆኗ ነው፤ ሕዋሱ ባዕድ መዋጡን እንዳያውቅ አድርጋ ትቀመጣለች። ከዚያም በዙሪያዋ እንደ እልፍኝ ያለ ቀጭን ሽፋን ይሠራላታል። የምትዋኝባቸውን ክሮች ትጥላለች፤ ክብ ትሆናለች፤ ትከፈላለች፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እየሆነች የሕፃኑን ገላ ትሞላለች። ነጭ የነበረው ሕፃን ቡናማ መልክ ይይዛል፤ ስንቁ ቢያልቅም የሚመግበው አግኝቷል።

ሕፃናት ኮራሎች በምርጫቸው እንደ አዋቂዎቹ ጠንቃቆች አይደሉም። ካደገው ኮራል ዘንድ የማይገኙ ዐይነቶችን ጭምር ይቀበላሉ፤ ምርጫቸው እየጠበበ የሚሄደው በወራትና በዓመታት ነው። ይህ ነገር ተራ ልጅነት ቢመስልም ውጤቱ ከባድ ነው፤ አልጌዎቹ ሁሉ በሥራ አንድ አይደሉምና። በ2004 ዓ.ም. የታተመ የማግኔቲክ ደሴት ጥናት አንዱን ዐይነት አልጌ የያዙ ልጆች ሌላውን ከያዙት ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ፈጥነው ማደጋቸውን አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሬይ በርከልማንስና ማደሊን ቫን ኦፐን ሌላውን መልክ ገለጡ፤ ለማደግ የሚያዘገየው ያ ዐይነት አልጌ ለኮራሉ ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ተጨማሪ ሙቀት የመቻል ኃይል ይሰጠዋል።

አንድ ዲግሪ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለኮራል ግን የሞትና የሕይወት ድንበር ነው። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ወሰን አንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት የቆየ እንደ ሆነ፣ ውሉ ይፈርሳል፤ አልጌዎቹ ከሥጋው ይወጣሉ፣ ኮራሉም ነጥቶ የራሱ ድንጋይ በሥጋው ውስጥ ይታያል። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ በረሀብ ይሞታል። በ1928 እና በ1929 ዓ.ም. በአውስትራሊያ የተሠማሩት ሞሪስ ዮንግና ባልደረቦቹ ኮራል በሙቀትና በጨለማ ሲጨነቅ አልጌውን እንደሚያወጣ አስቀድመው አስተውለው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ግን በሰፊ ባሕር ሁሉ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ባሕሮች ዙሪያ ሆነ። በአውስትራሊያው ዐለት በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በተከታታይ ሆነ፤ በ2018 ዓ.ም. በዚያ ዐለት ላይ ያረፉ አዳዲስ ሕፃናት ሲቈጠሩ ከቀድሞው በ89 ከመቶ አንሰው ተገኙ። በሚያዝያ 2024 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም አቀፍ መንጣት ለአራተኛ ጊዜ መድረሱ ታወጀ።

ለሕፃኑ ጕዳቱ ሁለት ነው። የሚወልዱት ኮራሎች ያንሳሉ፤ እርሾ የሚያበድሩት ጎረቤቶችም የሚያንሱት እነዚያው ሲሞቱ ነው።

ስለዚህ ከተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ዐይናቸውን በሕፃኑ ላይ ጣሉ። ያደገ ኮራል ቤቱ የሞላ ስለ ሆነ አዲስ እንግዳ ማስገባት ይከብዳል፤ ሕፃኑ ግን ባዶ ቤት ነው፣ ያቀረቡለትንም ይቀበላል። በአውስትራሊያ ያሉ ሊቃውንት ዐሥር የአልጌ ዘሮችን ለአራት ዓመት ያህል በ31 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ እያባዙ አኖሯቸው፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲተካ ሙቀቱን ለመዱት። ከዚያም ለኮራል እጮች ሰጧቸው። ውጤቱ በ2020 ዓ.ም. ታተመ፤ ከዐሥሩ ዘሮች ሦስቱ የኮራሉን እጭ ጭምር ሙቀት ቻይ አደረጉት። የቀሩት ሰባቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሙቀት ይችሉ ነበር፤ ወደ ኮራሉ ከገቡ በኋላ ግን ያን ኃይላቸውን አላካፈሉትም። ሦስት ከዐሥር ለአንዳንዱ ትንሽ፣ ለሌላው ብዙ ሊመስለው ይችላል። እኔ ትልቁ ነገር ቍጥሩ አይመስለኝም፤ በሕፃንነቱ የገባችው አልጌ የኮራሉን ዕድል ልትለውጥ እንደምትችል በዐይን መታየቱ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜው የተወሰነ ነው፤ ኮራሎቹ በዓመት ውስጥ እንቁላል የሚለቁት በጥቂት ሌሊቶች ነውና። በታውንስቪል አጠገብ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የባሕር ምርምር ቤት ሠራተኞቹ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉት ሌሊቶች የተለመደውን መብራት አጥፍተው፣ ደካማ ቀይ መብራት ይዘው በገንዳዎቹ ዙሪያ ይቆማሉ። ሮዞቹ እንክብሎች ከውሃው ላይ ሲወጡ በዕቃ ይቀዷቸዋል፤ እጮቹ ተፈልፍለው አፍ ሲያበጁም አልጌው ተመዝኖ ይቀርብላቸዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ በማጉያ መነጽር ሲታዩ፣ በነጩ ገላቸው ውስጥ ቡናማ ነጥቦች መታየት ይጀምራሉ።